የባርቤል ፎቶ ሣጥን፦ ከትሬቢያ ወንዝ የአንድ በጋ የሥራ ማስታወሻ

ጁን፣ 2ኛ ሳምንት

ሐሳቡ ቀላል ነው። ከወንዝ ያወጣሁትን ባርቤል የሚባል ዓሣ ቀጭን የውሃ ሣጥን ውስጥ ለአንድ ደቂቃ አቆመዋለሁ። በጎኑ ፎቶ አነሳዋለሁ። ወዲያው ወደ ወንዙ እመልሰዋለሁ። ቤት ገብቼ ቅርፊቱን እቆጥራለሁ፣ ክንፉን እለካለሁ፣ ዝርያውን እወስናለሁ። ወረቀት ላይ ሲታይ እንዲህ ነው።

የምኖረው ሰሜን ጣሊያን፣ ፒያቼንዛ ነው። ትሬቢያ ወንዝ ከከተማው አፍንጫ ሥር ከፖ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። ነገሩን የቀሰቀሰው የሁለት ሽማግሌ አጥማጆች ጭቅጭቅ ነው። አንደኛው ጎረቤቴ ናቸው። ስልክ ላይ አንድ ዓሣ እያዩ አንዱ "የኛው ነው" ሲሉ ሌላው "መጤ ነው" ይላሉ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ። ሁለቱም መንጠቆ የያዙት ከልጅነታቸው ጀምሮ ነው። እነሱ ካልተስማሙ ማን ሊስማማ ነው?

ባርቤል ስሙን ያገኘው ከጢሙ ነው፤ ላቲኑ "ባርባ" ጢም ማለት ነው። አራት ጢም አለው። ሁለቱ ከላይኛው ከንፈር ጫፍ፣ ሁለቱ ከአፉ ማዕዘን። እኛ አገር ቢልጫ የምንለው ዘመዱ ነው።

እዚህ ሦስት ተጠርጣሪ አለ። አንደኛው ባርቡስ ፕሌቤዩስ፣ የአገሩ ተወላጅ ነው። ሁለተኛው ባርቡስ ካኒኑስ፣ እሱም ተወላጅ ነው፤ ግን ትንሽ ነው፣ የሚኖረውም ላይ ተራራው ውስጥ፣ ቀዝቃዛና ፈጣን ጅረት ላይ ነው። ሦስተኛው ባርቡስ ባርቡስ ነው። ይኼኛው ከራይንና ከዳኑብ በኩል ያለው የአውሮፓ ባርቤል ነው። ጣሊያን ውስጥ ሰው ያስገባው መጤ ነው።

ዛሬ 5 ሚሊሜትር ፕሌክሲግላስ የሚባል ግልጽ ፕላስቲክ አስቆረጥኩ። ሣጥኑ 40 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 20 ከፍታ፣ 10 ስፋት ይኖረዋል። ዋጋ 31 ዩሮ። ማጣበቂያ ቤት አለኝ። መታጠቢያ ቤቱን ስጠግን የተረፈ ሲሊኮን።

ጁን፣ 3ኛ ሳምንት

ፈሰሰ። አንድ ጥግ ላይ መሰለኝና ደረብኩበት። በማግስቱ ሌላ ጥግ ፈሰሰ። ሦስተኛው ቀን ላይ ሲሊኮኑን በጥፍሬ ሳብ ሳደርገው እንደ ማስቲካ ተልጦ መጣ። ሙሉው!

ሁለት ስህተት በአንድ ጊዜ ሠርቻለሁ። አንደኛ፣ ሲሊኮን ፕሌክሲግላስ ላይ በደንብ አይያዝም። ፕሌክሲግላስ የራሱ ማጣበቂያ ይፈልጋል፤ ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚያዋህድ ዓይነት። ሁለተኛው የባሰ ነው። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን ሻጋታ እንዳይይዘው መድኃኒት ይጨመርበታል። ያ መድኃኒት ለዓሣ መርዝ ነው። ባይፈስ ኖሮ ዓሣ አስገባበት ነበር። አንዳንዴ መፍሰስም ደግ ነው።

ስለዚህ ወደ መስታወት። 4 ሚሊሜትር መስታወት አስቆረጥኩ፣ 26 ዩሮ። የአኳሪየም ሲሊኮን 9 ዩሮ። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት ከነውሃው ፈገፈግኩት፤ ያለዚያ እጅ ይቆርጣል። ከማጣበቄ በፊት በአልኮል ጠረግኩት። 48 ሰዓት አደረቅኩ። ከዚያ ሞልቼ ጋዜጣ ላይ አሳደርኩት። ጋዜጣው ጠዋት ደረቅ ነበር።

ፕሌክሲግላሱን አልጣልኩትም። ለሌላ ነገር ይሆናል።

ጁን፣ የመጨረሻው ሳምንት

የመጀመሪያው የማጥመድ ቀን። ፈቃዴ የታደሰ ነው። በመራቢያ ወቅታቸው ክልከላ አለ። የዘንድሮውን ደንብ አንብቤ ቀኑ ማለፉን አረጋግጬ ነው የወጣሁት። የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደማጠምድ ግን አልጽፍም፤ ጎረቤቴ ይጣሉኛል።

ባርቤል የሚገኘው ውሃው ጠጠር ላይ እየተንፎለፎለ ከሄደ በኋላ ጥልቅ የሚልበት ቦታ ነው። ምግቡን ከወለሉ ላይ በጢሙ እየዳሰሰ ይለቅማል። ትል፣ ቀጥሎ የመሬት ትል፣ ቀጥሎ አይብ ሞከርኩ። አይቡ ሠራ። ባለ ጉጥ መንጠቆ አልጠቀምም፤ ጉጡን በፒንሳ ደፍጥጬዋለሁ።

አራት ዓሣ። ፎቶዎቹ ግን አያድርስ ናቸው። መስታወቱ ላይ የኔ ፊት፣ የኔ ቀይ ቲሸርት፣ ከኋላዬ ያለው ዛፍ። ዓሣው ከዛፉ ጀርባ እንደ መንፈስ ይታያል። የአንዱንም ቅርፊት መቁጠር አልተቻለም።

መፍትሔው 6 ዩሮ ፈጀ፦ ጥቁር ጨርቅ፣ መሀሉ ለስልኩ ካሜራ የሚሆን ቀዳዳ። ጨርቁ በኔና በሣጥኑ መሀል ይሰቀላል። ከላይ ነጭ ጃንጥላ ለጥላ። ከኋላ ግራጫ ሰሌዳ። መጀመሪያ ነጭ ሰሌዳ ነበር፣ ተውኩት። ነጭ ላይ ዓሣው ገረጣብኝ፤ ነጠብጣቡ በደቂቃ ውስጥ ደበዘዘ። ከወንዝ ጥቁር ሆኖ የወጣው ዓሣ ፎቶ ላይ ሌላ ዓሣ ሆነ። ከአሁን በኋላ የመጀመሪያው ፎቶ ገና ማንሻ መረቡ ውስጥ እያለ፣ እርጥብ እንደሆነ ይነሳል። ቀለሙን ከዚያ ነው የምመዘግበው።

ጁላይ፣ 1ኛ ሳምንት

ርዝመቱ አልጥም አለኝ። ፎቶው 34 ሴንቲሜትር ይላል፣ መረቡ ላይ ያለው ሜትር 31 ገደማ ይላል። ዓሣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አያድግም።

ልክ 150 ሚሊሜትር የሆነ ፕላስቲክ ቆርጬ ሣጥኑ ውስጥ አቆምኩት። ፎቶ ላይ 167 ሆነ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ማስመሪያውን የለጠፍኩት የኋላው መስታወት ላይ ነው። ዓሣው ግን ከፊት ቆሟል። ለካሜራ የቀረበው ትልቅ ይመስላል። ካሜራው ከሣጥኑ 50 ሴንቲሜትር ላይ ብቻ ስለቆመ ልዩነቱ ከመቶ 11 ደረሰ።

ያልጣልኩት ፕሌክሲግላስ እዚህ ጠቀመ። ሣጥኑ ውስጥ ወደፊትና ወደኋላ የምትንሸራተት ግድግዳ ሠራሁ። ፊቷ ላይ ለስላሳ ስፖንጅ አለ። ዓሣውን ወደ ፊተኛው መስታወት ቀስ አድርጋ ታስጠጋዋለች። ማስመሪያውም ወደ ፊት መጣ። 150ው አሁን 151 ይላል። ይበቃኛል።

የድሮዎቹን ፎቶዎች ልጥላቸው ነበር። ኋላ ሳስበው የቅርፊት ቁጥር በርቀት አይለወጥም። የዓይን ስፋት ለጭንቅላት ርዝመት ያለው ንጽጽርም ያው ነው፤ ሁለቱም እኩል ተልቀዋል። የተበላሸው ጠቅላላ ርዝመቱ ብቻ ነው። ርዝመቱን ሰርዤ ሌላውን አቆየሁት።

ጁላይ፣ 2ኛ ሳምንት

ዛሬ ያፈርኩበት ቀን ነው። ስምንት ሴንቲሜትር የሆነች ትንሽ ዓሣ ያዝኩ። የባርቤል ጫጩት አልኩ። ሁለት ጢም ብቻ ነበራት። የቀሩት ሁለቱ ተቆርጠዋል ብዬ "የተጎዳች" ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛዋም ሁለት ጢም። ሦስተኛዋም። ሦስቱም በእኩል ተጎድተው!

ጎረቤቴ ፎቶውን አይተው ሳቁ። "ጎቢዮኔ ናት እኮ፣ ልጄ" አሉኝ። የባርቤል ቤተሰብ ትመስላለች፤ ወለል ላይ ትኖራለች፣ ጢምም አላት። ጢሟ ግን አንድ ጥንድ ብቻ ነው። ባርቤል ሁለት ጥንድ ነው። ይኼን የሚያክል ቀላል ነገር። ቁጥር አንድ መመርመሪያ ሆኖ ደብተሩ ላይ ተጻፈ፦ መጀመሪያ ጢም ቁጠር።

ሰኔ ጾም ስለነበር ሌላ ጭቅጭቅም ነበረብኝ። ጓደኛዬ ደውሎ "ያን ሁሉ ዓሣ ይዘህ መልሰህ ለቀቅከው? በጾም?" አለኝ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን እሱ ከቄሱ ጋር ይጨርስ። እኔ የነገርኩት ስለ እንቁላሉ ነው። የባርቤል እንቁላል መርዛማ ነው። የበላ ሰው ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ዓሣ አልጠየቀኝም።

ጁላይ፣ 3ኛ ሳምንት

አንድ ዓሣ ልገድል ነበር። ቀኑ 34 ዲግሪ። ወንዙ 19 ነው። ሣጥኑን ሞልቼ ጠጠር ላይ ትቼው ለማጥመድ ሄድኩ። ዓሣ ይዤ ስመጣ ቀጥታ አስገባሁት። ሦስት ፎቶ አንስቼ ቀና ስል ሆዱን ገልብጧል። ቴርሞሜትር ስከት 24 ዲግሪ። ባርቤል የሚኖረው በሚፈስ፣ ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ነው። እኔ የሰጠሁት የሞቀ፣ የቆመ ውሃ ነው።

ወንዙ ውስጥ አፉን ወደ ውሃው ፍሰት አዙሬ በሁለት እጄ ያዝኩት። አምስት ደቂቃ ያህል። ስንጥቡ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከዚያ ጭራውን መታና ሄደ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አዲስ ደንብ፦ ውሃ የሚቀዳው ዓሣው መረብ ውስጥ፣ ወንዙ ውስጥ እያለ ነው። ለእያንዳንዱ ዓሣ አዲስ ውሃ። በባትሪ የሚሠራ አየር መንፊያ ገዛሁ፣ 14 ዩሮ። ቴርሞሜትር 5 ዩሮ። ሣጥን ውስጥ ከ60 ሰከንድ በላይ የለም። የወንዙ ውሃ 22 ከደረሰ ደግሞ ዕቃዬን ሰብስቤ ወደ ቤት።

ጁላይ መጨረሻ

አሁን ቆጠራ። 17 ዓሣ አለኝ። ፎቶውን ኢሜጅ-ጄ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር እከፍታለሁ። የጎን መስመር ላይ ያሉትን ቅርፊቶች እቆጥራለሁ። እያንዳንዱ ቅርፊት መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ መስመሩን የሚሠሩት እነሱ ናቸው።

መመሪያዬ ይኼ ነው። ካኒኑስ 50 አካባቢ ነው፣ ቅርፊቱ ተለቅ ይላል። ባርቡስ ከ55 እስከ 65 አካባቢ። ፕሌቤዩስ ቅርፊቱ ደቃቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ60 ይጀምርና 70ዎቹ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ 60 እና 65 መሀል ሁለቱ ይደራረባሉ።

በአንድ ምሽት ጨረስኩ። 8 ፕሌቤዩስ፣ 7 ባርቡስ፣ 2 አጠራጣሪ። እንዴት ደስ አለኝ! የሽማግሌዎቹን የሃምሳ ዓመት ጭቅጭቅ በአንድ ምሽት ፈታሁ ብዬ።

ቅዳሜ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። 11 ዓመቷ ነው። "እኔም ልቁጠር" አለች። የመጀመሪያውን ዓሣ 61 አለች። እኔ 66 ነበር ያልኩት። "አባዬ፣ ጭራው ላይ ያሉትንም ቆጥረሃል" አለችኝ።

ትክክል ነች። ቆጠራው የሚያበቃው ጭራው ሲታጠፍ የሚሸበሸብበት ቦታ ላይ፣ አከርካሪው የሚያልቅበት ነው። ከዚያ በኋላም ባለ ቀዳዳ ቅርፊት ሁለት ሦስት ይቀጥላል። እነሱ አይቆጠሩም። እኔ አንዳንዴ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ አንዳንዴ አልቆጠርኳቸውም። ጅማሬው ላይም፣ ከስንጥቡ ክዳን ሥር የተደበቀውን የመጀመሪያ ቅርፊት አንዴ አስገባለሁ፣ አንዴ እተወዋለሁ።

ስለዚህ የራሴን ስህተት ለካሁ። የፋይሎቹን ስም ደብቄ ሁሉንም በሦስት የተለያዩ ቀናት እንደገና ቆጠርኩ። በአንዱና በሌላው ቀን መሀል ያለው ልዩነት በአማካይ ወደ ሁለት ቅርፊት ሆነ። ትልቁ ልዩነት አምስት ነው። አምስት! ያ እኮ ባርቡስንና ፕሌቤዩስን ይለያል ያልኩትን ሙሉ ክፍተት ይበላዋል። ዓሣዎቹ ይለያያሉ ያልኩት ግማሹ የኔ እጅ ነበር። ለጎረቤቴ የተናገርኩትን መልሼ መዋጥ ነበረብኝ።

የተለወጠው አሠራር፦ መጀመሪያ የጭራው ማጠፊያ ላይ መስመር አሰምራለሁ። በየአሥሩ ቅርፊት ቀይ ነጥብ አደርጋለሁ። የምቆጥረው ግራ ጎን ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ በአንድ በሁለት ይለያያሉና። ልጄም ለብቻዋ ትቆጥራለች። ልዩነታችን ከአንድ ቅርፊት ከበለጠ ፎቶው ይቀራል። በአንድ ቆጠራ 20 ሳንቲም ትከፈላለች። ወደ 50 እንዲያድግ እየተደራደረች ነው።

ኦገስት፣ 1ኛ ሳምንት

ፋብሪካዎች ሁሉ ተዘግተዋል፣ እኔም ዕረፍት ላይ ነኝ። ትሬቢያ ላይ ካለችው ከቦቢዮ ከተማ በላይ ወዳለ ትንሽ ገባር ጅረት ወጣሁ። ውሃው 15 ዲግሪ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ያሳምማል።

ካኒኑስ ሲገኝ ጥርጥር የለም። መረቡ ውስጥ እያለ ነው ያወቅኩት። አካሉና ክንፉ ላይ ትላልቅ፣ ቅርጽ የለሽ ጥቁር ጥላዎች አሉ፤ ጭቃ የተረጨበት ይመስላል። ትልቁ 19 ሴንቲሜትር ነበር። የጀርባ ክንፉ ፊት ላይ ያለው ዋና እሾህ ለስላሳ ነው። ጥፍሬን ከኋላ በኩል ሳስኬድበት ምንም አልያዘኝም። ባርቡስ ላይ ይኼው እሾህ አጥንት ነው፤ ጀርባው እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፣ መረብ ውስጥ ይጠላለፋል። ፕሌቤዩስ ላይም መጋዝ አለ፣ ግን ደቃቅና ደከም ያለ ነው።

ሌላ ምልክት ደግሞ ከሆዱ በታች፣ ወደ ጭራው ያለው የፊንጢጣ ክንፍ ነው። ወደ ኋላ ሲታጠፍ ካኒኑስ ላይ የጭራው ሥር ይደርሳል ወይም ሊደርስ ምንም አይቀረው። ባርቡስ ላይ አይደርስም። ጥሩ ምልክት ነው፤ በጭፍን የሚታመን ግን አይደለም። በአንዳንድ የባርቤል ዘመዶች ሴቷ ላይ ይኼ ክንፍ ይረዝማል። አንድ ዝርያ ውስጥ ወንድና ሴት ብቻውን ልዩነት ይፈጥራል ማለት ነው።

ስድስት ካኒኑስ። ስድስቱም ከላይኛው ጅረት። በስድስቱም ልጄና እኔ ከአንድ ቅርፊት በላይ አልተለያየንም። እንደዚህ ቀላል ቢሆን ኖሮ ሽማግሌዎቹም አይጣሉም ነበር።

በነገራችን ላይ ካኒኑስንም ፕሌቤዩስንም በ1839 ስም ያወጣላቸው የናፖሊዮን ወንድም ልጅ፣ ሻርል ሉሲየን ቦናፓርት ነው። አጎቱ አገር ሲቆጥር እሱ ቅርፊት ቆጠረ።

ኦገስት፣ 3ኛ ሳምንት

ወደ ታችኛው ወንዝ ተመለስኩ። እዚህ ነው ጭንቀቱ።

ቁጥር 29። 63 ቅርፊት። መጋዙ ጠንካራ፣ እንደ ባርቡስ። አካሉ ላይ ግን ደቃቅ ጥቁር ነጠብጣብ ሞልቶታል፣ እንደ ፕሌቤዩስ። ቁጥር 31፣ 68 ቅርፊት፣ ነጠብጣብ የለም። ቁጥር 32 ከአንድ ጎኑ ነጠብጣብ አለው፣ ከሌላው ጎኑ የለውም ማለት ይቻላል።

አንድ የዓሣ ባዮሎጂ ባለሙያ ዘንድ ደወልኩ። ፎቶዎቹን ላክሁላቸው። መልሳቸው አጭር ነበር፦ ባርቡስና ፕሌቤዩስ ይዳቀላሉ፣ ድቅሎቹም ይወልዳሉ። አንድ ትውልድ ብቻ ቢሆን መሀል ላይ ያለ መልክ ትጠብቃለህ። ድቅሉ ከድቅል፣ ድቅሉ ከወላጁ ጋር እየተቀላቀለ ሲሄድ ግን መልኩ ከውስጡ ጋር አይሄድም። በ2013 ሞለኪውላር ኢኮሎጂ በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውን ጥናት አመላከቱኝ። የሰሜን ጣሊያን ወንዞች ላይ መጤው ባርቡስ በሰፊው መውረሩንና ከፕሌቤዩስ ጋር መደባለቁን በዘረመል ያሳየ ነው። የእናት መስመር ብቻ መመርመርም አይበቃም አሉኝ። ለዚያ የሚመረመረው ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሴል ክፍል የሚወረሰው ከእናት ነው። አባትየው መጤ ቢሆን አይታይም።

ከክንፉ ጫፍ ቆርጬ ላቤራቶሪ ልላክ ወይ ብዬ አስቤ ነበር። ለዚያ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፕሌቤዩስ በአውሮፓ ኅብረት የመኖሪያ አካባቢ ጥበቃ ሕግ ዝርዝር ውስጥ ያለ ዓሣ ነው፤ የአጥማጅ ፈቃድ ይዞ መቀስ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ ፎቶ ብቻ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ባሕር ዳርን አሰብኩ። ስናድግ ጣና ላይ ሁሉም ነጭ ዓሣ ነበር፤ ወፍራም ከንፈር ያለውም፣ አፉ ሰፊ የሆነውም። ጀርመናዊው ሩፔል በ1830ዎቹ ከጣና የወሰዳቸውን ቢልጫዎች በተለያየ ስም መዘገባቸው። በ1973 ባኒስተር የሚባል ተመራማሪ አብዛኞቹን ጠቅልሎ አንድ ዝርያ ናቸው፣ መልካቸው ይለያያል እንጂ አለ። በ1990ዎቹ ደግሞ ከኔዘርላንድስ የመጡት ናገልኬርኬና ሲቢንግ መልሰው ከፋፈሏቸው፤ ዛሬ ወደ 15 ይቆጠራሉ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። የዳኑብ ተፋሰስ ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ፔቴንዪ ተብሎ አንድ ስም የነበረው ትንሹ ባርቤል በ2002 በዘረመል ሲታይ ሦስት ሆነ፤ ካርፓቲኩስና ባልካኒኩስ ተጨመሩ። እነዚህን በዓይን መለየት ከባድ ነው። ጣና ላይ ልዩነቱ እየታየ አንድ ተባሉ፤ ዳኑብ ላይ ልዩነቱ ስለማይታይ አንድ ተባሉ።

የሚገርመው የኛው ከእነዚህ የባሰ የዘር ሻንጣ ተሸክሟል። የአውሮፓው ባርቡስ 100 ክሮሞሶም አለው። የጣናው ቢልጫ 150። አብዛኛው የካርፕ ቤተሰብ 50 ገደማ ነው።

ሴፕቴምበር፣ 2ኛ ሳምንት

አሠራሩን ከሥሩ ቀየርኩ። እስካሁን "የትኛው ነው?" ብዬ ነበር የምጠይቀው። ሦስት ፎልደር፣ ሦስት ስም። አጠራጣሪ የሆነውን እያሻሸሁ፣ እያባበልኩ አንዱ ውስጥ እከተው ነበር። አሁን አራተኛ ፎልደር ከፈትኩ። ስሙ ጥያቄ ምልክት ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። ቅርፊት፣ መጋዝ፣ ነጠብጣብ፣ የፊንጢጣ ክንፍ፤ ለየብቻ ይመዘገባሉ። የዓሣው ስም ሳይታይ። አራቱም ወደ አንድ ካመለከቱ ብቻ ስም ይሰጠዋል። አንዱ ካፈነገጠ ጥያቄ ምልክት ውስጥ ይገባል። ከ15 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ከታችኛው ወንዝ የመጣ ዓሣ ደግሞ ሳይመረመር ጥያቄ ምልክት ነው። የባርቡስ ጫጩት ራሱ ዥንጉርጉር ነው፤ ሲያድግ ነው የሚጠፋው። ጁላይ ላይ "ነጠብጣብ ስላለው ፕሌቤዩስ ነው" ያልኳቸው ሁለቱ ጫጩቶች በዚሁ ወደቁ።

በ11 የማጥመድ ቀን 43 ዓሣ። በአዲሱ ደንብ፦ ካኒኑስ 6፣ ፕሌቤዩስ 14፣ ባርቡስ 9፣ ጥያቄ ምልክት 14። ጁላይ ላይ ከ17ቱ ጥያቄ ያለባቸው 2 ብቻ ነበሩ። ከእነዚያው 17 ውስጥ አሁን 7ቱ ጥያቄ ምልክት ውስጥ ናቸው። ሥራው ሲሻሻል እርግጠኝነቴ ቀነሰ። ልጄ "ታዲያ ምኑን ተሻሻለ?" አለች። ከፋይዋ እኔ ነኝ፣ ዝም አልኩ።

ወጪ፦ ፕሌክሲግላስ 31፣ መስታወት 26፣ ሲሊኮን 9፣ ጨርቅ 6፣ አየር መንፊያ 14፣ ቴርሞሜትር 5፣ ማስመሪያ 2። ድምር 93 ዩሮ። የልጄ ደመወዝና የነዳጁ ለብቻ ነው፤ እሱን ባለቤቴ እንድታይ አልፈልግም።

ለሚቀጥለው ዓመት የሚሠራ፦ ሣጥኑ ለትልልቆቹ ጠቧል። ከ38 ሴንቲሜትር በላይ የሆኑ አራት ዓሣዎች ሳይነሱ ተለቀዋል። ሌላ 60 ሴንቲሜትር ሣጥን መሥራት አለብኝ፤ ግን ውሃ ሲሞላ ብቻዬን አልሸከመውም። ምናልባት ከታች ስፖንጅ ያለው የፕላስቲክ ቦይ፣ ከላይ ፎቶ የሚነሳ። ግን ከላይ ሲነሳ የጎን መስመሩ አይታይም። አላውቅም፣ ክረምቱን አስብበታለሁ።

ሴፕቴምበር መጨረሻ

ጎረቤቴ መጡ። ቡና ጠጣን፤ ሁለተኛውን ሲኒ ራሳቸው ጠየቁ። "እሺ፣ የኛ ነው ወይስ መጤ?" አሉ። ያቺ ጁን ላይ የተጣሉባት ፎቶ።

ስልካቸውን ተቀብዬ ወደ ኮምፒውተሬ አዛወርኳት። አሰፋኋት። ልጄ መጥታ ተቀመጠች። ጢሙ አራት ነው፤ ቢያንስ ጎቢዮኔ አይደለም። መጋዙ አይታይም፣ የጀርባ ክንፉ ታጥፏል። ነጠብጣብ ያለ ይመስላል፤ ወይም ጠጠር ላይ ስለተኛ የተጣበቀበት አሸዋ ነው። ከስንጥቡ ክዳን ጀምረን ቆጠርን። አሥር። ሃያ። ሠላሳ። አርባ አንድ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን የሽማግሌው አውራ ጣት ሸፍኖታል። ቁጥር 44 ብዬ ጥያቄ ምልክት ፎልደር ውስጥ አስገባሁት።